ሲልቪያ ፓንክኸርስትና የምሥራቅ ለንደን ሕፃናት

በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት ለፊት፥ ለነጻነት የተዋደቁ አርበኞች ባረፉበት ሥፍራ፥ የአንዲት እንግሊዛዊት መቃብር ይገኛል። በዚያ ያረፉት ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናቸው። ኢትዮጵያውያን እኚህን ሴት የሚያውቋቸው ፋሽስት ኢጣልያ አገሪቱን በወረረች ጊዜ ከለንደን ሆነው በብዕራቸው ስለ ተሟገቱ ነው። ይህ ውለታቸው ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሲልቪያ የኢትዮጵያን ስም በጋዜጣቸው ራስ ላይ ከማተማቸው ከሃያ ዓመት በፊት፥ በለንደን ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፥ ከድኾች ጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ለተራቡ ሕፃናት ወተት ያድሉ፥ ምግብ ያበስሉ፥ ሐኪም ያቀርቡ እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የኋለኛው ሥራቸው ከፊተኛው ሥር የበቀለ ስለ ሆነ የፊተኛውን መመርመር ይበጃል።

ሲልቪያ የተወለዱት እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1882 በማንቸስተር ከተማ ነው። አባታቸው ዶክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት የሕግ ሰው ሲሆኑ፥ ሴቶች እንዲመርጡና ያገቡ ሴቶችም የራሳቸው ንብረት እንዲኖራቸው የሚጠይቁ የሕግ ረቂቆችን ያዘጋጁ ነበሩ። እናታቸው ኤመሊን ኋላ በዓለም የታወቁት የሴቶች የመምረጥ መብት ታጋይ ናቸው። በ1888 ቤተሰቡ በለንደን ይኖር በነበረበት ጊዜ የአራት ዓመቱ ወንድማቸው ፍራንክ በዲፍቴሪያ ታሞ ሞተ። ሐኪሞቹ በሽታውን በጊዜው አልለዩትም። መንሥኤው ሲፈለግም ከቤቱ በስተኋላ የነበረው የፍሳሽ ማስወገጃ ብልሹ ሆኖ ተገኘ። ዲፍቴሪያ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ መሆኑ ዛሬ ስለሚታወቅ፥ ጥፋቱን ሁሉ በቦዩ ላይ መጫን አይቻልም። በዚያን ዘመን ግን ቤተሰቡ ያመነው ይህንኑ ነበር። ሲልቪያ ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። አንድ ሕፃን በሚኖርበት ቤት አሠራር ጉድለት ምክንያት ሊሞት ይችላል የሚለው ሐሳብ እንዲህ ገና በልጅነታቸው በቤታቸው ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወጣትነታቸው በአጭሩ ሊታለፍ ይችላል። እናታቸው በ1894 በማንቸስተር የድኾች መርጃ ቦርድ አባል ሆነው ተመርጠው፥ በድኾች መጠለያው ትንንሽ ልጃገረዶች በብርድ ተንበርክከው የድንጋይ ወለል ሲያጥቡ አይተው ነበርና ያዩትን ለልጆቻቸው ይነግሩ ነበር። አባታቸው በ1898 በድንገት አረፉ። ሲልቪያ በሥዕል ተሰጥዎ ስለ ነበራቸው በማንቸስተር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው፥ በነጻ ትምህርት ዕድል ወደ ቬኒስ፥ ቀጥሎም በለንደን ወደሚገኘው የንጉሣዊ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ሄዱ። በ1903 እናታቸውና ታላቅ እኅታቸው ክሪስታቤል የሴቶችን የመምረጥ መብት የሚጠይቀውን ማኅበር በማንቸስተር መኖሪያ ቤታቸው ሲመሠርቱ፥ የማኅበሩን ዓርማና ጌጣጌጥ ይነድፉ የነበሩት እሳቸው ናቸው። በ1907 የሥዕል ሸራቸውን ይዘው በእንግሊዝና በስኮትላንድ እየዞሩ የሰንሰለት ሠሪዎችን፥ የሸክላ ሠራተኞችን፥ የጥጥ ፈታዮችን፥ የዓሣ አጽጂዎችን ኑሮ በቀለም መዘገቡ። በነዚህ ሥዕሎች ውስጥ የሚታዩት ሴቶች የሚለምኑ ወይም የሚያለቅሱ ሳይሆኑ ሥራቸውን የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ይህ አመለካከት ኋላ በምሥራቅ ለንደን ለሠሩት ሁሉ መሠረት ስለ ሆነ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ምሥራቅ ለንደን ያን ጊዜ ምን ዓይነት ቦታ ነበር? በአንድ በኩል የዓለም ታላቁ ወደብ መጋዘኖች፥ በሌላው በኩል የክብሪት፥ የሳሙና፥ የቀለምና የልብስ ፋብሪካዎች ነበሩ። የወደቡ ሠራተኛ ሥራ የሚያገኘው መርከብ በገባ ቀን ብቻ ነበር። መርከብ ሳይገባ ሲቀር ቤተሰቡ ጾሙን ያድራል። ሴቶቹ የክብሪት ሣጥን በቤታቸው እየለጠፉ በደርዘን ሒሳብ ይከፈላቸው ነበር፤ ልጆቹም ሙጫ በመቀባት ያግዛሉ። የምሕንድስና ሰው ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር ያስተውላል። በ1858 ቴምዝ ወንዝ በሽታው ለንደንን ካስጨነቀ በኋላ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዝልጌት የነደፉት ታላቁ የፍሳሽ ማስወገጃ መረብ፥ የሰሜን ለንደንን ፍሳሽ የሚያሰባስበው በዚሁ ሠፈር፥ በኦልድ ፎርድ አጠገብ ነው። የሀብታሞቹ ሠፈሮች ፍሳሽ በጡብ በተሠራ ግሩም ቦይ በእግራቸው ሥር ሲያልፍ፥ ከላይ የሚኖሩት ቤተሰቦች ግን ብዙ ሆነው በአንድ ቧንቧና በአንድ መጸዳጃ ይገለገሉ ነበር። በእንግሊዝና በዌልስ ከሚወለዱ ሺህ ሕፃናት ከመቶ በላይ የሚሆኑት የመጀመሪያ ዓመታቸውን ሳይጨርሱ በሚሞቱበት በዚያን ዘመን የእንደዚህ ያለ ሠፈር ዕጣ ከአማካዩ የከፋ እንደ ነበር ለመገመት አያዳግትም።

ሲልቪያ ወደዚህ ሠፈር የገቡት በ1912 ነው። በቦው መንገድ ላይ አንድ ባዶ የነበረ የዳቦ ቤት ተከራይተው፥ መሰላል ላይ ወጥተው ለሴቶች ድምፅ የሚጠይቀውን መፈክር በወርቃማ ቀለም በፊቱ ላይ ጻፉ። ከዚያም ጫማ ሠሪ ከነበሩት ከሚስተርና ከሚስስ ፔን ቤት አንዲት ክፍል ይዘው ተቀመጡ። በዚያ ዘመን የሴቶችን መብት ይጠይቁ ከነበሩት ወይዛዝርት መካከል ወደ ምሥራቅ ለንደን መጥቶ ንግግር አድርጎ የሚመለስ ብዙ ነበር፤ ንግግሩን አድርጎ እዚያው የቀረ ግን እምብዛም አይገኝም።

በ1913 እና በ1914 በተደጋጋሚ ታሥረው በወህኒ የረሃብና የውኃ ጥም አድማ አደረጉ። ሊሞቱ ሲቃረቡ ይለቀቃሉ፤ ሲያገግሙ እንደ ገና ይያዛሉ። በዚህ ጊዜ ከፖሊስ የሚሸሽጓቸው፥ የሚያስታምሟቸው፥ በየአደባባዩ የሚከቧቸው የሠፈሩ ሰዎች ነበሩ። እናታቸውና ክሪስታቤል ግን የምሥራቅ ለንደኑ ቅርንጫፍ ከወንዶች ሠራተኞችና ከሠራተኛው ፓርቲ ጋር መቀራረቡን አልወደዱትም። እናቲቱና ታላቂቱ እኅት ትግሉ በተማሩና በባለጸጋ ሴቶች መሪነት እንዲካሄድ ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ በጃንዋሪ 1914 ክሪስታቤል በስደት በተቀመጡባት በፓሪስ ጉዳዩ ተነሥቶ ሲልቪያ ከማኅበሩ ተለዩ። የምሥራቅ ለንደን ፌዴሬሽን ራሱን ችሎ ቆመ፤ በማርች ወር የራሱን ሳምንታዊ ጋዜጣ ማተም ጀመረ፤ በሜይ ወር ደግሞ ከኋላው አዳራሽ ወዳለው በኦልድ ፎርድ መንገድ ቁጥር 400 ወደሚገኘው ቤት ተዛወረ። በጁን ወር ሲልቪያ በረሃብ አድማ ተዳክመው ሳለ፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስኩዊዝ የሠፈሩን ሴቶች እስኪያነጋግሩ ድረስ በምክር ቤቱ ደጃፍ ተኝተው እንደሚቆዩ አሳወቁ። አስኩዊዝም እሺ ብለው ስድስት የምሥራቅ ለንደን ሴቶችን ተቀበሉ። ሴቶቹ ያቀረቡት የራሳቸውን ደመወዝ፥ የራሳቸውን ኪራይ፥ የልጆቻቸውን ሕመም ነበር። ሲልቪያ አብረው አልገቡም። እንዳይገቡ የመረጡትም እሳቸው ናቸው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ፥ ኦገስት 4 ቀን 1914፥ እንግሊዝ ጦርነት ውስጥ ገባች። በጥቂት ቀናት ውስጥ የስኳርና የዱቄት ዋጋ ናረ። ፋብሪካዎች ገበያቸው ሲቋረጥ ሴቶችን አሰናበቱ። ባሎች ወደ ጦር ሠራዊት ተጠሩ፤ መንግሥት ለቤተሰባቸው ሊከፍል ቃል የገባው ተቆራጭ ግን በወረቀት ብዛት ታንቆ ለሳምንታት ዘገየ። እናቶች ሕፃናት ታቅፈው ወደ ቁጥር 400 በር መጡ። ብዙዎቹ ራሳቸው ስለሚራቡ ጡታቸው ደርቆ ነበር።

ፌዴሬሽኑ የተቋቋመው ለመምረጥ መብት እንጂ ለምጽዋት አልነበረም። ሲልቪያም የበጎ አድራጎት ሥራ የመንግሥትን ግዴታ ይሸፍናል ብለው ይሠጉ ነበር። የሆነ ሆኖ በር ላይ የቆመ የተራበ ሕፃን የሐሳብ ክርክር እስኪያልቅ አይጠብቅም። መጀመሪያ የተደረገው ወተት መግዛትና ማደል ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ ከመጡት ሕፃናት ብዙዎቹ ወተት እንኳ ሊፈጭላቸው የማይችል ደረጃ ላይ ደርሰው ተገኙ። እንግዲህ ወተቱ ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪም ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ካለ የሚመዝንና የሚከታተል ነርስ ያስፈልጋል፤ ነርሷ ካለች ክፍል ያስፈልጋል። ከዚህም የተነሣ የወተት ማደያዎቹ ቀስ በቀስ የሕፃናት ክሊኒኮች ሆኑ። ዶክተር ባርባራ ቻይኮቭስኪን የመሳሰሉ ሴቶች ሐኪሞች ጊዜያቸውን ሰጡ። ማንም አስቀድሞ ያወጣው ዕቅድ አልነበረም፤ እያንዳንዱ እርምጃ ቀጣዩን አስገደደ።

በወሩ መጨረሻ፥ ኦገስት 31 ቀን፥ በአዳራሹ ምግብ ቤት ተከፈተ። ምግብ ቤቱ ያለ ትርፍ፥ በወጪው ልክ ይሸጥ ነበር። የአዋቂ ምሳ 2 ፔንስ፥ የሕፃን 1 ፔኒ ሲሆን፥ ምንም ለሌለው ነጻ ካርድ ይሰጠው ነበር። ካርዱ ከተከፈለበት ካርድ ስለማይለይ ማን ከፍሎ፥ ማን ሳይከፍል እንደ በላ ጎረቤት አያውቅም። ይህች ትንሽ ጥንቃቄ ከምግቡ ያላነሰ ዋጋ ነበራት። በዚያ ዘመን ከነበሩት የምጽዋት ማኅበራት ብዙዎቹ ሾርባ ከመስጠታቸው በፊት ቤት ገብተው ወንበር ቆጥረው፥ እናቲቱን ስለ ጠባይዋ መርምረው ነበርና። ጠረጴዛውና አግዳሚው የተሠራው ከጆርጅ ላንስበሪ ቤተሰብ የእንጨት ግቢ በመጣ እንጨት ሲሆን የሠሩትም የሠፈሩ ሰዎች ናቸው። አብሳዮቹና አስተናጋጆቹም የሠፈሩ ሴቶች ነበሩ። ብዙ ሳይቆይ በሌሎች ሠፈሮች ተመሳሳይ ምግብ ቤቶች ተከፈቱ።

ቀጥሎ የተነሣው የሥራ ጥያቄ ነው። ከፋብሪካ ለተባረሩ ሴቶች በንግሥት ሜሪ ስም የተቋቋሙት የእርዳታ ወርክሾፖች በሰዓት 3 ፔንስ ይከፍሉ ነበር፤ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ስለማያሠሩም የሴቲቱ ገቢ ከ10 ሽልንግ አያልፍም። ሲልቪያ ይህን በእርዳታ ስም የሚደረግ ብዝበዛ ነው ብለው በጋዜጣቸው አወገዙት። ማውገዝ ግን ቀላል ነው፤ የተሻለ መሥራት ይከብዳል። እሳቸው ሁለቱንም አደረጉ። በኦክቶበር 1914 በኖርማን ግሮቭ ቁጥር 45 የአሻንጉሊት ፋብሪካ ከፍተው በሰዓት 5 ፔንስ ወይም በሳምንት አንድ ፓውንድ መክፈል ጀመሩ። በዚህ ሒሳብ አንዲት ሠራተኛ የምሳዋን ዋጋ ለማግኘት የምትሠራው ለ24 ደቂቃ ነው ማለት ነው። የሥራው ምርጫም ብልኅነት ነበረበት። ከጦርነቱ በፊት እንግሊዝ አሻንጉሊት የምታስመጣው በአብዛኛው ከጀርመን ነበርና ጦርነቱ ገበያውን ባዶ አድርጎት ነበር። ሲልቪያ የሥዕል ባለሙያ ስለ ሆኑ ወዳጆቻቸውን ሠዓሊዎች አስተባብረው ንድፍ አወጡ፤ ከእንጨትና ከጨርቅ ነጭ፥ ጥቁርና ጃፓናዊ መልክ ያላቸው አሻንጉሊቶች ተሠሩ። አንድ ቀን ናሙናዎቹን በታክሲ ጭነው ወደ ታላቁ የሴልፍሪጅ መደብር ሄደው ትእዛዝ ይዘው ተመለሱ። እናቶቹ ሲሠሩ ሕፃናቱ የሚቆዩበት ክፍልም እዚያው በፋብሪካው ተዘጋጀ።

ማቆያው ወዲያው ጠበበ። በ1915 የጸደይ ወራት ፌዴሬሽኑ በዚያው በኦልድ ፎርድ መንገድ ላይ የተዘጋ አንድ መጠጥ ቤት ተከራየ። የመጠጥ ቤቱ ስም የጠመንጃ ሠሪዎች ዓርማ የሚል ነበር። በእንግሊዝኛ ዓርማ፥ የጦር መሣሪያና ክንድ በአንድ ቃል ስለሚጠሩ፥ ሲልቪያ የፊተኛውን ቃል ብቻ ለውጠው ቤቱን የእናቶች ክንድ አሰኙት። ጠመንጃ ሠሪው ወጥቶ እናት ገባች፤ ሕፃኑም ክንድ ላይ ዐረፈ። ቤቱ ክሊኒክ፥ የወተት ማደያና የሕፃናት ማቆያ ሆነ። አንድ መጠጥ ቤት ለዚህ አገልግሎት የሚመች መስሎ ላይታይ ይችላል፤ ነገር ግን በመንገድ ማእዘን ላይ ያለ፥ ሰፋፊ መስኮቶችና ትልቅ የምድር ቤት ክፍል ያለው፥ ከላይ መኝታ ክፍሎች ያሉት፥ ሁሉም የሠፈሩ ሰው የሚያውቀው ሕንፃ ነው። አዲስ ሕንፃ ለመሥራት ገንዘብም ጊዜም በሌለበት ሁኔታ ያለውን ሕንፃ ለሌላ አገልግሎት መለወጥ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ትልልቆቹ ሕፃናት ከ1916 በኋላ በሞንተሶሪ ዘዴ መማር ጀመሩ። የሚያስተምሩት በባርሴሎና ከማሪያ ሞንተሶሪ ዘንድ የሠለጠኑት አውስትራሊያዊቷ ሚውሪየል ማተርስ ነበሩ። የሞንተሶሪ ዘዴ ራሱ በ1907 የተጀመረው በሮም በሳን ሎሬንሶ የድኾች ሠፈር መሆኑን ማስታወስ እዚህ ላይ ተገቢ ነው። በዚያ ሠፈር የኪራይ ቤቶችን ያሳድስ የነበረው ኩባንያ ኃላፊ ኢንጅነር ኤዶአርዶ ታላሞ፥ ወላጆቻቸው ለሥራ ሲወጡ የታደሰውን ግድግዳና ደረጃ የሚያበላሹትን ሕፃናት የሚይዝላቸው ሰው ሲፈልጉ ነው ዶክተር ሞንተሶሪን የጠሩት። መሐንዲሱ ግድግዳውን ለማዳን ያደረጉት ነገር ለሕፃናቱ ትምህርት ሆነ። በሁለቱም ከተሞች ቤትና ሕፃን ተነጣጥለው የሚታዩ ጉዳዮች አልነበሩም።

ይህ ሁሉ የሚካሄደው በልመና ገንዘብ ነበር። ሲልቪያ በየሳምንቱ በጋዜጣቸው ይለምናሉ፤ ለባለጸጋ ወዳጆቻቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ። የቅርብ ረዳታቸው ኖራ ስሚዝ ውርሳቸውን በዚሁ ሥራ ላይ አፈሰሱ፤ በካሜራቸውም የሠፈሩን ሕፃናት አነሡ። ዛሬ የዚያን ዘመን የቦው ሕፃናት ምን ይመስሉ እንደ ነበር የሚታወቀው በአብዛኛው በእሳቸው ፎቶግራፍ ነው። ገንዘቡ ከውጭ መምጣቱ የሥራው ደካማ ጎን እንደ ነበር አይካድም። ሌላም ደካማ ጎን ነበር። ሲልቪያ ለሥራ የማይደክሙ፥ ነገር ግን ከሐሳባቸው በቀላሉ የማይመለሱ ሴት ስለ ነበሩ ከተባባሪዎቻቸው ከብዙዎቹ ጋር ተጣልተዋል፤ የአሻንጉሊት ፋብሪካውም ከሥራ አስኪያጇ ጋር በተነሣ አለመግባባት ኋላ ከፌዴሬሽኑ ተለየ። ጦርነቱን በመቃወማቸው ደግሞ ብዙ ደጋፊዎች ሸሿቸው። እናታቸው ጦርነቱን ደግፈው ልጃቸውን በአደባባይ አወገዙ። ኤመሊን በ1915 አባቶቻቸው ያልታወቁ አራት ሕፃናትን በማደጎ ወሰዱ። እናት አራት ሕፃናትን መርጠው ቤታቸው አስገቡ፤ ልጅ ደግሞ የመጣውን ሁሉ ተቀበሉ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ መፍረድ ከባድ ነው፤ የሚያስደንቀው ሁለቱ አንድ ጊዜ እንኳ በዚህ ጉዳይ አለመተባበራቸው ነው።

የሠፈሩ ሥራ ግን በምግብና በወተት ብቻ አልተወሰነም። ተቆራጭ የተከለከለችው የወታደር ሚስት፥ ከቤት ልትባረር የተቃረበችው ባልቴት፥ ጡረታዋ የተቋረጠባት እናት ጉዳያቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ፌዴሬሽኑም ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል፤ ወደ ሚኒስቴሩ አብሮ ይሄዳል፤ በ1915 ደግሞ ለዚሁ ጉዳይ የወታደርና የባሕረኛ ቤተሰቦች የመብት ማኅበር እንዲቋቋም አደረገ። የማኅበሩ ጸሐፊ ሚኒ ላንስበሪ የተባሉ ወጣት መምህርት ነበሩ። ወተቱ ዛሬን ያሳድራል፤ መብቱ ግን ነገንም ያሳድራልና ሲልቪያ ከሁሉ የሚያስበልጡት ይህን ነበር።

በጁን 13 ቀን 1917 የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን በቀን ደበደቡ። አንድ ቦምብ በፖፕላር ሠፈር የሚገኘውን የላይኛው ሰሜን ጎዳና ትምህርት ቤት ጣራ በስቶ፥ የልጃገረዶቹንና የወንዶቹን ክፍል ወለል አልፎ፥ በምድር ቤት በትንንሾቹ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ፈነዳ። 18 ሕፃናት ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሚሆናቸው ነበሩ። ፌዴሬሽኑ ሲደክምላቸው የቆየው እንደነዚህ ላሉት ሕፃናት ነበር። ሲልቪያ በዚያ ሠፈር ያዩትን ከሰማይ የሚወርድ ሞት እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልረሱትም።

ከጦርነቱ በኋላ ገንዘቡ እየነጠፈ፥ የሲልቪያም ልብ ወደ ዓለም አቀፍ የፖለቲካ ትግል እያዘነበለ ሄደ። በ1920 ወደ ሩስያ ሄደው ሌኒንን አነጋገሩ፤ ተመልሰው በጋዜጣቸው ባወጡት ጽሑፍ ምክንያት ስድስት ወር ታሠሩ፤ ከኮሚኒስት ፓርቲም ጋር ሳይስማሙ ተለያዩ። የእናቶች ክንድም ተዘጋ። ይህን ያየ ሰው ሥራው ሁሉ ከንቱ ቀረ ሊል ይችላል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። በ1918 የወጣው የእናቶችና የሕፃናት ደኅንነት ሕግ በየአካባቢው ያለው አስተዳደር ለዚሁ ጉዳይ ኮሚቴ እንዲያቋቁም መንገድ ከፈተ። መንግሥት ራሱ በ1917 በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡ ወጥ ቤቶችን ከፍቷል። እነዚህን ሁሉ ያመጣው የምሥራቅ ለንደን ፌዴሬሽን ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ አስቀድሞ በሠፈር ደረጃ ሠርቶ ካሳዩት አንዱ ግን እሱ መሆኑ የማይታበል ነው።

ከዚህም ይልቅ ግልጽ የሆነው ፍሬ በሰዎቹ ላይ የታየው ነው። በሲልቪያ ዙሪያ ወጥ ሲያማስሉ፥ ሒሳብ ሲይዙ፥ ከባለሥልጣን ጋር ሲከራከሩ የቆዩት የሠፈሩ ሴቶች የአስተዳደር ሥራ ተማሩ። በ1919 ጆርጅ ላንስበሪ የሚመሩት የሠራተኛው ፓርቲ የፖፕላርን ማዘጋጃ ቤት ሲይዝ፥ ከፌዴሬሽኑ ሴቶች ጁሊያ ስከር፥ ሚኒ ላንስበሪና ኔሊ ክሬሶል በምክር ቤቱ ገቡ። በ1921 ምክር ቤቱ፥ ድኻው ፖፕላር ለሥራ አጦቹ የሚያወጣውን ወጪ ብቻውን እየተሸከመ ከሀብታሞቹ ሠፈሮች ጋር እኩል ለለንደን አጠቃላይ አስተዳደር ግብር ሊከፍል አይገባውም ብሎ እምቢ አለ። 30 የምክር ቤት አባላት ወህኒ ወረዱ። ከነሱም አምስቱ ሴቶች ሲሆኑ ኔሊ ክሬሶል ነፍሰ ጡር ነበሩ። ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ ተፈቱ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ሕግም የድኾች መርጃ ወጪ በመላው ለንደን ላይ እንዲደለደል አደረገ። ሚኒ ላንስበሪ ከወህኒ ከወጡ በኋላ ታመው በጃንዋሪ 1922 በ32 ዓመታቸው ሞቱ። በ1914 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ካነጋገሩት ስድስት ሴቶች አንዷ ዴዚ ፓርሰንስ በ1936 የዌስት ሃም የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆኑ።

ሲልቪያ በ1920ዎቹ ከለንደን ዳርቻ ወደሚገኘው ውድፎርድ ተዛውረው ከኢጣልያዊው ስደተኛ ሲልቪዮ ኮሪዮ ጋር ይኖሩ ጀመር። በዲሴምበር 1927፥ በ45 ዓመታቸው፥ ሪቻርድን ወለዱ። ይህ ልምድ ወደ ቀድሞው ጉዳይ መለሳቸውና በ1930 በወሊድ ስለሚሞቱ እናቶች አንድ መጽሐፍ አሳትመው፥ ለእያንዳንዷ እናት ነጻ የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት እንዲሰጥ ጠየቁ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በአየር የሚደረገውን ድብደባ ለመቃወም በውድፎርድ መንገድ ዳር ከድንጋይ የተቀረጸ፥ አፍንጫውን ወደ ታች የተከለ ቦምብ ቅርጽ ያለው ሐውልት አቆሙ። ሐውልቱ ዛሬም በቦታው አለ። ያን ጊዜ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ መንደሮች ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ያፈሱ ነበር። የፖፕላርን ሕፃናት ዕጣ ያዩት ሴት ለዚህ ጉዳይ ግድ ያላቸው ለምን እንደ ሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፥ የኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የመጀመሪያ እትም ወጣ። በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን 1936፥ የሲልቪያም 54ኛ የልደት ቀናቸው ነበር። ጋዜጣው ሃያ ዓመት ታተመ። በስደቱ ዘመን ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በለንደን በታወቀው የግሬት ኦርመንድ ጎዳና የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው ተመርቀዋል። ከድል በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ገና በወጣትነታቸው ሲያርፉ፥ ሲልቪያ በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ ገንዘብ የሚያሰባስብ ምክር ቤት አቋቋሙ። እንደ ገና ደብዳቤ መጻፍ፥ እንደ ገና ሽልንግ መለመን ሆነ። ሠላሳ ዓመት ያህል ቀደም ብለው ለአንድ ማሠሮ ወተት የለመኑበት እጅ አሁን ለሙሉ ሆስፒታል ለመነ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ኋላም የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ።

በ1956 እ.ኤ.አ.፥ በ74 ዓመታቸው፥ ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር ኑሯቸውን ወደ አዲስ አበባ አዛውረው ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለውን መጽሔት መሠረቱ። ስለ ትምህርት ቤቶች፥ ስለ ሆስፒታሎች፥ ስለ ከተሞችና ስለ ሴቶች ኑሮ እየዞሩ ይመለከታሉ፤ ያዩትንም ይጽፋሉ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፥ በመስቀል ዕለት፥ በዚሁ ከተማ ዐረፉ። በሃይማኖት እምነት ባይኖራቸውም ቤተ ክርስቲያን ወለተ ክርስቶስ ብላ ሰይማ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ሥርዓት ከአርበኞቹ ጋር ቀበረቻቸው። መጽሔቱን ልጃቸው ሪቻርድና ምራታቸው ሪታ እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ድረስ አሳተሙት። ሪቻርድም በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ በዚያው በሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።